የተቆለፈው ጠዋት

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። የቧንቧ ውሃ ስላልነበረ ከበርሜሉ ቀድቼ ፊቴን ታጠብኩ። ከማታ የተረፈ ቦይና፣ የጎደሬ ቅቅል፣ ነበር፤ አሙቄ በዳጣ በላሁ። የአሥረኛ ክፍል የፊዚክስ ፈተና ሃያ ሁለት ወረቀት አረምኩና ቀሪውን ለከሰዓት ተውኩት። ሁለት ሸሚዝ አጥቤ አሰጣሁ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ስኳር ልገዛ ወጣሁ። ቤት ውስጥ ስኳር ነበር።

የሐጂ አብዱልመጂድ ሱቅ ከበራችን ፊት ለፊት ነው፤ መንገዱን መሻገር ብቻ ነው። ሐጂ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና ፓስታ በጅምላ ያከፋፍላሉ፤ ለጎረቤት ደግሞ በኪሎ ይሸጣሉ። አባታቸው ከስልጤ መጥተው ሶዶ ላይ ሱቁን ሲከፍቱ እሳቸው ገና የሚታዘሉ ልጅ ነበሩ። ከገሱባ ከሚመጡ ነጋዴዎች ጋር በወላይትኛ ሲከራከሩ ከመንገዱ ማዶ ይሰማኛል። እኔን ግን በአማርኛ ነው የሚያናግሩኝ፤ አስተማሪ ስለሆንኩ ይመስለኛል።

«ናጂያ የለችም?» አልኳቸው።

«ወራቤ ሄዳለች፤ የአጎቷን ልጅ እየዳሩ ነው። ሰኞ ትመለሳለች። ምን ልስጥሽ ቲቸር?»

«አንድ ኪሎ ስኳር።»

«ባለፈው ቅዳሜም ስኳር ነበር የወሰድሽው። ለብቻሽ ነው ይህን ሁሉ የምትጠጪው?»

«እንግዳ ይመጣብኛል።»

እንግዳ አይመጣብኝም። ሐጂም ይህን ያውቃሉ፤ በራችን ከሱቃቸው ይታያል። ስኳሩን መዝነው ሰጡኝ፤ ሌላ አልጠየቁኝም። ይዤው ተመለስኩና ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከሌሎቹ ጎን አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ለምን ስኳር እንደምገዛ የምታውቀው ናጂያ ብቻ ነበረች። የሐጂ የመጨረሻ ልጅ ናት። ከሱቁ ጣሪያ ሥር የተሰካ ካሜራ አለ፤ የሱቁን ደጃፍ፣ መንገዱን፣ ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የእኛን የቆርቆሮ በር ያያል። የሚቀዳው ሁሉ ከባንኮኒው ሥር ባለች ጥቁር ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሳጥኗ የምትይዘው የሃያ አንድ ቀን ነው። ከዚያ ቦታ ሲያልቅባት አዲሱን በአሮጌው ላይ ትጽፋለች፤ ሁልጊዜም ከሁሉ ከቆየው ትጀምራለች። እንዳይጠፋ የተፈለገ ነገር ካለ ግን መቆለፍ ይቻላል። የተቆለፈውን ትዘለዋለች። ይህን ሁሉ ያስረዳችኝ ናጂያ ናት።

ባሌ ሶርሳ የግብርና ባለሙያ ነበር። ሰኔ ሦስት ቀን ጠዋት ለመስክ ሥራ ወደ ዲምቱ ሲሄዱ መኪናቸው መንገድ ላይ ተገለበጠ። ሌሎቹ ተረፉ። ልጅ አልነበረንም፤ አሥራ አራት ዓመት ሁለት ሆነን ነው የኖርነው።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ቀነስ ሲል፣ ናጂያ ብቻዋን መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

«ቲቸር፣ የዚያን ቀን ጠዋት ካሜራው ላይ አለ» አለችኝ። «ከነገ ወዲያ ይጠፋ ነበር። ቆልፌዋለሁ። ካጠፋሁ ይንገሩኝ፤ እከፍተዋለሁ።»

አላጠፋሽም አልኳት።

አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ዝናብ ይዘንባል። በራችን ይከፈትና ጥቁር ጃንጥላ ይወጣል። ካሜራው ከላይ ስለሚያይ ስድስት ሰከንድ ሙሉ የሚታየው ጃንጥላው፣ የሱሪው ጫፍና የመስክ ጫማው ብቻ ነው። ማንም ሊሆን ይችላል። በሰባተኛው ሰከንድ ላይ ይቆማል። የበራችን መቀርቀሪያ በደንብ አይገባም፤ ሶርሳ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት እርምጃ ይሄድና መያዙን ለማየት ይዞራል። በዚያን ቀንም ዞረ። ጃንጥላውን ወደ ኋላ ዘንበል ሲያደርገው ፊቱ ይታያል። ለሁለት ሰከንድ ያህል ነው። ምንም የተለየ ነገር አያደርግም። በሩን ያያል። ከዚያ ጃንጥላው ይመለስና ይሄዳል።

እኔ በዚያን ሰዓት ውስጥ ሆኜ ጫማ እየፈለግኩ ነበር። ስወጣ ሄዷል።

ናጂያ ወደ ስልክዎ ልገልብጥልዎት ብላኝ ነበር። እንቢ አልኩ። የሶርሳ ታናሽ ወንድም ቤኒ በቀብሩ ማግስት የሶርሳን ፎቶ ክንፍና ደመና አድርጎለት፣ ከኋላው መዝሙር ጨምሮበት ቲክቶክ ላይ ለጥፎ ነበር። ቤኒ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንድሙን ይወዳል። ግን ስድስት ሺህ ሰው አየው። ትምህርት ቤት ስመለስ ተማሪዎቼ ሁሉ አይተውታል፤ ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ከጀርባዬ የነበረው ጸጥታ የትምህርት ጸጥታ አልነበረም። ያ አሥራ አንድ ሰከንድ በእጄ ከገባ አንድ ቀን ከእጄ እንደሚወጣ ታየኝ። አንዱ ዘመድ ስልክሽን አሳዪኝ ይላል፤ እኔም ራሴ አንድ ክፉ ቀን ለአንዱ አሳይ ይሆናል። እዚያው ይሁን አልኳት። ለማንም አትንገሪ፣ ለአባትሽም ለወንድምሽም። አልነገረችም።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ሐጂ ከዕቃ አራጋፊዎቹ ጋር ወደ ጓሮ ሲገቡ ናጂያ ስክሪኑን ወደኔ ታዞርና እሷ ፊቷን ወደ መንገዱ ታደርጋለች። አንድ ጊዜ ብቻ አየዋለሁ። ስኳሬን ይዤ እወጣለሁ። ያን ቅዳሜ ሳላየው ተመለስኩ።

ከሰዓት የቀረውን ወረቀት አረምኩ። ማታ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ በሩን ላስር ወጣሁ። መቀርቀሪያውን አላሠራሁትም፤ በሽቦ ነው የማስረው። ኅዳር ማለቂያው ስለነበር ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ጨረቃ አልወጣችም።

ሽቦውን እያዞርኩ ሳለ ቆርቆሮው ነጣ። መጀመሪያ ከኋላዬ መኪና መብራቱን ያበራብኝ መሰለኝ፤ ከኋላዬ ግን የራሴ ግቢ ነው። ብርሃኑ ጨመረ፤ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነጭ ሆነ፤ በሩ ላይ የራሴን ጥላ ጥርት ብሎ አየሁት፤ የሽቦው ጥላ እንኳ ለብቻው ይለያል። ከዚያ ጥላዬ መሄድ ጀመረ። እኔ ቆሜአለሁ፤ ጥላዬ ከቀኝ ወደ ግራ በሩ ላይ ይሄዳል። ያን ጊዜ ዞሬ ቀና አልኩ።

ከዳሞታ ተራራ በኩል መጥቶ ወደ አባያ በኩል ይወርድ ነበር። ተወርዋሪ ኮከብ ብዙ አይቻለሁ፤ ይህ ግን ኮከብ አይመስልም፤ የብየዳ እሳት የሚመስል ኳስ ነበር፤ ኋላው ረጅምና ብርቱካናማ። ድምፅ የለውም። ከጣሪያዎቹ በላይ ሳለ ለሦስት ተሰበረ፤ ሦስቱም አብረው ጥቂት ተጓዙና አንድ በአንድ ጠፉ። ሁሉም አምስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ጨለማው ሲመለስ ከቀድሞው የባሰ ጨለማ ነበር።

ተመልሼ በሩን ይዤ መቁጠር ጀመርኩ። መብረቅ ሲበርቅ ተማሪዎቼን የማስቆጥራቸው እንደዚያ ነው፤ ብርሃኑ ወዲያው ይደርሳል፤ ድምፁ ይዘገያል፤ በመካከላቸው ያለው ጊዜ ርቀቱን ይነግራል። ድምፄን አውጥቼ ቆጠርኩ። ውሾች ይጮኹ ነበር። ሰው ከየቤቱ ሲወጣ ይሰማኛል፤ አላቋረጥኩም። መቶ አርባ ሦስት ላይ ከሩቅ ባዶ በርሜል የሚንከባለል የመሰለ ድምፅ መጣና በእጄ የያዝኩት ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ።

«አርባ ዘጠኝ ኪሎሜትር ገደማ» አልኩ።

ዞር ብዬ ነው ያልኩት። ወደ ቤቱ በር። ሶርሳ ቢኖር «እርግጠኛ ነሽ?» ይለኝ ነበር፤ የማምነውን ነገር ሁሉ እንዲህ ብሎ እንደገና እንዳስብበት ያደርገኝ ነበር። የሳሎኑ አምፖል በርቷል፤ የፈተና ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ሽቦውን ፈትቼ ወደ መንገዱ ወጣሁ።

ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል። አንዱ ድሮን ነው ይላል፤ ሌላው የሳተላይት ስባሪ ነው ይላል። ከላይኛው መንደር የጸሎት ድምፅ ተነሥቷል። መንገዱ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጠው ሽታዬ አንድ እግሯ ላይ ብቻ ጫማ አድርጋ ቆማለች።

«ጌታ የመጣ መስሎኝ» አለችኝ፤ «ጫማዬን ስፈልግ ጠፋ።»

«ጌታ ሲመጣ ጫማ ምን ያደርግልሻል?» አላት ከኋላዋ የቆመ ሰው።

«ታዲያ በዚህ እግር ልቅረብ? አንተ ደግሞ። ቲቸር፣ ምንድን ነው እሱ? አንቺ ታውቂያለሽ።»

«ድንጋይ ነው» አልኳት። «ከላይ ሲወርድ አየሩ አግሎት ነው የሚነደው።»

«ድንጋይ» አለች። ቅር ያላት መሰለኝ።

ካሜራው ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ልክ እንደ አስተማሪ ነው ያሰብኩት፤ ለተማሪዎቼ ላሳያቸው፤ ሱቁ ፊት የቆመው የመብራት ምሰሶ ጥላ በስንት ሰከንድ ስንት እንደሄደ ይለኩ። መንገዱን ተሻገርኩ። ሱቁ ክፍት ነበር። ሐጂ ከመስጊድ ተመልሰው በራቸው ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ውስጥ የመጀመሪያ ልጃቸው ኸይሩ ነበር። ኸይሩ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ መጋዘኑን የሚመራው እሱ ነው።

«ካሜራችሁ ይዞታል?» አልኩት።

«እውነትዎን ነው!» አለና ወደ ባንኮኒው ጎንበስ አለ።

ሰው ተከትሎኝ ገባ። አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት ያህል ይሆናል። ኸይሩ ማውሱን እየገፋ ወደ ኋላ መለሰውና ተወው። ስክሪኑ ላይ የእኛ መንገድ ነበር፤ ከዚያ በድንገት ቀን ሆነ። የምሰሶው ጥላ እንደ ሰዓት ዘንግ መሬቱ ላይ ዞረ። ከላይ ጥግ ላይ ኳሱ ለአፍታ ገብቶ ወጣ።

«ሱብሃነላህ» አሉ ሐጂ። «መልሰው።»

አራት ጊዜ መለሰው። በሦስተኛው ላይ አንዱ «ያቺ ጠረጴዛ ሥር የገባችው ማናት?» አለ።

«እኔ አይደለሁም» አለች ሽታዬ።

«ቲማቲሙ ያንቺ ነው።»

«ቲማቲሙ የኔ ነው። ሴትዮዋን አላውቃትም።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ስልኮች ወጥተው ስክሪኑን ይቀርጹ ጀመር። ያን ጊዜ ነው ማለት የሌለብኝን ያልኩት።

«ዋናውን አስቀምጠው» አልኩት ለኸይሩ። «የሚያጠኑ ሰዎች ይፈልጉታል። ዝም ካልከው በሃያ አንድ ቀን ይጠፋል። ቆልፈው።»

«ይቆለፋል እንዴ? ቲቸር ከየት አወቁ?»

«ፊዚክስ ነዋ» አሉ ሐጂ።

የቱ ጋ እንደሚነካ በጣቴ አሳየሁት። ናጂያ ስትነካው ከጀርባዋ አይቼ ነው የማውቀው። የእሳቱን ኳስ ቆለፈው። ቆልፎ ሲጨርስ ስክሪኑ የተቆለፉትን ዘረዘረ። ሁለት ነበሩ።

«ይኸኛው ምንድን ነው?» አለ። «ሰኔ ሦስት። ጠዋት አንድ ሰዓት ከአሥራ ሰባት። እኔ አልቆለፍኩም። አባቴ፣ አንተ ነህ የቆለፍከው?»

«እኔ በሩን መቆለፍ ነው የማውቀው» አሉ ሐጂ።

ኸይሩ ከፈተው።

ዝናቡ መጣ። በራችን ተከፈተ። ጃንጥላው ወጣ። ሰው ሁሉ ሌላ የሚነድ ነገር የሚያይ መስሎት አንገቱን አሰገገ።

«ጃንጥላ ነው» አለ አንዱ።

«የማን ነው?» አለች ሽታዬ። ክንዷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ነበር።

«ዝናብ ሲሆን ሶዶ ሁሉ ጥቁር ጃንጥላ ነው» አለና ኸይሩ አቆመው። ስድስተኛው ሰከንድ ላይ። አንድ ሰከንድ ቢታገስ ሶርሳ ይዞር ነበር። «ናጂያ ስትለማመድ የቆለፈችው ይሆናል። ምንም የለበትም። ቁልፉን ልክፈተው አይደል ቲቸር? ዝም ብሎ ቦታ ይይዛል።»

እኔን ነው የጠየቀኝ።

ተወው ማለት ይቻል ነበር። ለምን ሲለኝ ግን መመለስ ነበረብኝ። ሶርሳ ነው ብል ሽታዬ እዚያው ታለቅሳለች፤ አልወቅሳትም፤ የለቅሶውን ሦስት ቀን ቤቴ ነው ያደረችው። የተነሡት ስልኮች አይወርዱም፤ ቀጥለው ይቀርጻሉ። ኸይሩ እስከ መጨረሻው ያስኬደዋል፤ ሰው ሁሉ ፊቱን ያያል፤ መልሰው ይላሉ፤ አራት ጊዜ ይመልሰዋል። ስኳሩም ምን እንደነበር ሐጂ ይገባቸዋል። መክፈት ማጥፋት አይደለም አልኩ በሆዴ። ሰኞ ናጂያ ትመጣለች፤ ትቆልፈዋለች።

«የእናንተ ዕቃ ነው» አልኩት።

ኸይሩ ነካው። ዝርዝሩ ላይ አንድ ቀረ።

ቤት ገብቼ እጄን ታጠብኩ። ወረቀቶቹን ሰብስቤ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁ። ስኳሮቹን ላስተካክል ቁም ሳጥኑን ስከፍት ነው ናጂያ ያለችኝ ሙሉው ትዝ ያለኝ። ሁልጊዜም ከሁሉ ከቆየው ትጀምራለች። ሳጥኗ ውስጥ ያለው ሌላው ሁሉ የኅዳር ነው። የሰኔ እሱ ብቻ ነው።

ሮጥኩ ማለት አይቻልም፤ ግን ጫማዬን አላሰርኩም። ሱቁ ተዘግቷል፤ ሰዉ ተበትኗል። የኸይሩን ስልክ አላውቅም። ናጂያ ጋ ደወልኩ፤ ጠራ፤ አላነሣችም። እንደገና ደወልኩ። ሠርግ ቤት ናት፤ ስልኳ ቦርሳ ውስጥ ይሆናል። የሐጂ ቤት ከመስጊዱ ጀርባ ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሄጄ በሩን ባንኳኳ ምን እንደምል አሰብኩ። አሰብኩ እንጂ አልሄድኩም። ከሱቁ ብረት በር ፊት ቆሜ ቀረሁ።

ቀና ስል የካሜራዋ ትንሽ ቀይ መብራት በርታለች። እኔን እየቀዳች ነው። ሳጥኗ እዚህ መቆሜን መጻፍ አለባት፤ የምትጽፈውም በአሮጌው ላይ ነው። ባልቆምም ባዶውን መንገድ ትጽፋለች፤ ለእሷ አንድ ነው። ቢሆንም ከፊቷ ዞር አልኩ። ተሻግሬ ገባሁና በሩን አሰርኩ።

እሑድ ጠዋት ናጂያ ደወለች። ነገርኳት። ለወንድሟ ምክንያቱን ሳትነግር ደውላ ሳጥኗን አስከፍታ የሰኔውን አስፈለገችው። ግማሽ ሰዓት ቆይታ መልሳ ደወለችልኝ፤ ምን እንዳለች መጻፍ አያስፈልግም።

ሰኞ ከወራቤ እንደገባች ወደ ቤቴ መጣች። እጇ ላይ የሠርጉ ሂና አለ። እንደዚያን ቀን ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

«ለምን ዝም አሉ ቲቸር?» አለችኝ። «አንድ ቃል ቢሉት ኸይሩ ይሰማዎት ነበር።»

«ሰው ነበረ» አልኳት።

ዞረች። ከዚያ ወደ በሩ ስትሄድ ሽቦውን መፍታት አቃታትና ፈታሁላት።

ረቡዕ ሁለት የዩኒቨርሲቲ መምህራን መጡ። ኸይሩ ቪዲዮውን በፍላሽ ሰጣቸው፤ ስለ ቆጠራው ሰምተው ወደኔም ተሻገሩ። የት ቆሜ እንደነበር ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው። ምን እየሠራሁ እንደነበር ጠየቁኝ፤ በር እያሰርኩ አልኩ። መቶ አርባ ሦስት መሆኑን እርግጠኛ ነዎት ወይ አለኝ ወጣቱ። እርግጠኛ ነኝ አልኩት። ጻፈው።

የእሳቱ ኳስ አሁን በሶዶ ሰው ሁሉ ስልክ ውስጥ አለ። ኸይሩ ለእኔም ልኮልኛል። ቤኒ ሙዚቃ ጨምሮበት ለጥፎታል። የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ የምሰሶውን ጥላ ለክተው ጥሩ ሠርተዋል። ኳሱ ሳጥኗ ውስጥ እስከ ዛሬ ተቆልፎ ይገኛል።

ቅዳሜ ስኳር መግዛት ትቻለሁ። ሰኔ ሦስት ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ከአሥራ ሰባት ላይ ሶርሳ ጃንጥላውን ወደ ኋላ አድርጎ በሩን ያየበት አሥራ አንድ ሰከንድ የለም።